የተያዘ ክንድ

ሕመም ሲሰፋ አያሰጋኝም፤ የሚያሰጋኝ ሲጠብ ነው። ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የተበተነ፣ ወዲያና ወዲህ የሚል ሕመም የጡንቻ ነው፤ ሰው ይዞት ሊሮጥ ይችላል። በአንድ ጣት ጫፍ እስኪሸፈን ድረስ የተሰበሰበ ሕመም ግን የአጥንት ነው። በዚያ የኅዳር ቀን፣ ከደንዲ ሐይቅ በላይ ባለው የተራራ ጠርዝ፣ በአርባ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎንበስ ብዬ የግራ ቅልጥሜን በአመልካች ጣቴ ተጫንኩት። ሕመሙ በሙሉ ከጣቴ ሥር ገባ።

ቀና ስል ሰዓቴ ሰባት ከሃምሳ ይላል። ከአምቦ የተነሣነው ንጋት ላይ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የሩጫው ርቀት ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ተራራውን ወጥቶ፣ ሐይቁን ከላይ ዞሮ፣ ወደ አምቦ መመለስ ነው። የመጨረሻው መቆጣጠሪያ ጣቢያ በሃምሳ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን እስከ ዐሥር ሰዓት ያልደረሰ ሯጭ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ልል ቁልቁለት ስለሆነ ጣቢያውን በጊዜ ያለፈ ሰው ጨረሰ ሊባል ይችላል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ውስጥ ይቀረኝ ነበር። ለጤነኛ እግር ይህ ምንም አይደለም።

ጤነኛ እግር አልነበረኝም። አዲስ አበባ ያለው የአጥንት ሐኪም ከዚያ ሩጫ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የእግሬን የራጅ ፎቶ ከመብራቱ ላይ ሰክቶ፣ «ይህ አጥንት አንድ ጊዜ ታግሶሻል፤ ሁለተኛ ጊዜ ላይታገስሽ ይችላል» ብሎኝ ነበር። ሐኪሞች ከአጥንት ጋር የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል። እኔ በሙያዬ የማስተምረው የግንባታ ቁሶችን ጥንካሬ ስለሆነ ሊል የፈለገውን ከእሱ አሳጥሬ ልነግረው እችል ነበር። ብረት የሚሰበረው ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት ብቻ አይደለም፤ ከአቅሙ በታች የሆነ ጭነት እልፍ ጊዜ ሲመላለስበትም ይሰበራል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይሰነጠቃል። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ።

ታዲያ ለምን ተነሣሁ? ምክንያቱ ቀላል ነው። አዘጋጆቹ ረጅሙ ርቀት ሯጭ ስላጣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ እንደሚቀር፣ የሚቀጥለው ሃያ አንዱ ኪሎ ሜትር ብቻ እንደሆነ አስታውቀው ነበር። ዕድሜዬ አርባ አራት ነው። ይህን ርቀት አንድ ጊዜ ጀምሬ ሳልጨርሰው ቀርቻለሁ። ዳግም የምጀምርበት ቀን አይኖርም።

ወደ አምቦ የመጣሁት በ2007 ዓ.ም. ነው። የመጣሁት በሁለተኛ ዲግሪ ሲሆን፣ ሦስተኛውን እያስተማርኩ ጨርሼ የማዕረግ ዕድገት ጠየቅሁ። ማመልከቻዬ ለአራት ዓመት ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ ተንከባለለ። የመጀመሪያው ኮሚቴ የጽሑፎቼን ብዛት ጠየቀ፤ ብዛቱ ሲሟላ ሁለተኛው ጥራቱን ጠየቀ፤ ጥራቱ ሲመሰከር ሦስተኛው ቅጹ ተቀይሯልና በአዲሱ ይሞላ አለ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩ ሁለት ወንዶች በአሮጌው ቅጽ አድገዋል። ሩጫ የጀመርኩት ጤና ፈልጌ አይደለም፤ ሰብሳቢና ጸሐፊ የሌለው ፍርድ ፈልጌ ነው። ሰዓት ቃለ ጉባኤ አይዝም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመንገድ ላይ መሮጥ አይቻልም ነበር። ድንጋይ በተደረደረበት፣ መሣሪያ የያዘ ሰው በቆመበት አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ወይ አጥፍቷል ወይ እያሳደዱት ነው፤ ሦስተኛ ግምት የሚሰጥ አልነበረም። ስለዚህ በግቢው አጥር ውስጥ ዞርኩ። አንድ ዙር አንድ ሺህ አንድ መቶ ሜትር ነው፤ የለካሁት እኔው ነኝ። የበሩ ጥበቃ በየዙሩ ባለፍኩ ቁጥር ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ዶክተር፣ ዛሬስ ማን ቀደመ?» ይሉኝ ነበር። በአንድ ቀን ሠላሳ ጊዜ ይሉኛል። ቀልዱ በሠላሳኛው ዙር ከመጀመሪያው የባሰ አስቂኝ ይሆንላቸዋል።

መንገዱ ሲረጋጋ ወደ ወንጪ በሚወጣው ዳገት መሮጥ ጀመርኩ። ሩጫው በተዘጋጀበት በመጀመሪያው ዓመት ተመዘገብኩ፤ በሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ በበቅሎ ወረድኩ። በሁለተኛው ዓመት ልምምዱ መሐል ላይ ሳለሁ ቅልጥሜ ማመም ጀመረ። እዚህ ላይ የሠራሁት ስሕተት የራሴ ነው፤ ለሌላ አላካፍለውም። የክፍላችን ሰዎች በሙሉ፣ ባለ ሦስተኛ ዲግሪዎቹን ጨምሮ፣ «ጊንጪ ያሉት ወጌሻ ይዩሽ» አሉኝ፤ እኔም ሄድኩ። ወጌሻው ሽማግሌና ትሑት ሰው ነበሩ። ቅልጥሜን በቅቤ አሽተው፣ «ጅማት ዞሯል» አሉ። ጅማት አልዞረም ነበር። የተሰነጠቀ ነገር በአውራ ጣት ሲታሽ ምን እንደሚሆን ከእሳቸው ይልቅ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ከሦስተኛው ስመለስ አምቦ መናኸሪያ ላይ ከሚኒባሱ መውረድ አቅቶኝ ረዳቱ እንደ ጆንያ አወረደኝ።

በዚያ ዓመት መሮጥ ስላልቻልኩ አዘጋጆቹ ዳኛ አደረጉኝ። ደንቡንም ያረቀቅሁት ያን ጊዜ ነው። የሰጡኝ ግማሽ ገጽ ነበር፤ አራት ገጽ አድርጌ መለስኩላቸው። ከአንቀጾቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ሯጭን ሌላ ሰው መያዙ ብቻውን አያሰርዝም፤ ሯጩ በሌላ ሰው ላይ የሰውነቱን ክብደት ካሳረፈ ግን ይሰረዛል፤ ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ሯጩን ይጠይቃል። አዘጋጁ አንብቦ፣ «ዶክተር፣ ይሄ እኮ ሕገ መንግሥት ነው» አለ። ሳይቀንስ አተመው።

እንግዲህ በአርባ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጣቴን ከቅልጥሜ ላይ አንሥቼ ያለውን ምርጫ አየሁ። ቆሜ ዳኛ ብጠብቅ ያበቃል። ብሮጥ አጥንቱ ሊይዝም ላይይዝም ይችላል። እርምጃዬን በግማሽ አሳጠርኩ፤ አጭር እርምጃ በእያንዳንዱ ምት የሚያርፈውን ጭነት ይቀንሳል፣ የምቶቹን ቁጥር ግን ያበዛል። የትኛው እንደሚሻል በሰሌዳ ላይ የሚሰላ አይደለም። እስከ መቶ እየቆጠርኩ፣ መቶ ሲሞላ እንደገና ከአንድ እየጀመርኩ ወረድኩ። ጠርዙን ጨርሼ ወደ እርሻው ስገባ ሕመሙ አልሰፋም፤ አልጠበበምም። በየመቶው ሰዓቴን አያለሁ። አርባ ሰባት። አርባ ስምንት። በየእርምጃው የሚመጣው ድምፅ የጫማዬ ነው ወይስ የአጥንቴ እያልኩ አዳምጥ ነበር።

መንገዱ በአንድ የድንች ማሳ ጎን ያልፋል። ሁለት ሴቶች ድንች ይለቅሙ ነበር፤ አንደኛዋ ስልሳውን ያለፈች፣ ሌላዋ ምራቷ መሆኗን ኋላ ያወቅሁት ሠላሳ ያልሞላት። ቀና ብለው አዩኝ። ያዩትን አሁን በትክክል መጻፍ እችላለሁ፦ ነጠላ ያልደረበች፣ ፀጉሯ የተበተነ፣ ፊቷ ላይ አቧራና ጨው የደረቀ፣ እያነከሰች የምትሮጥ፣ ከንፈሯ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ሴት። እርምጃ እየቆጠርኩ መሆኔን ከየት ያውቃሉ? በዚያ አገር እንዲህ ሆና የምትሮጥ ሴት አንድ ትርጉም ብቻ አላት፤ ሞት ሰምታ ወደ ለቅሶ ቤት የምትሄድ ናት። እንዲህ ያለችውን ብቻዋን ማሳለፍ ነውር ነው። ያያት ሰው የያዘውን ጥሎ ሁለት ክንዷን ይዞ፣ ራሷን ከመሬት እንዳታላትም እየጠበቀ፣ እስከ ቀጣዩ መንደር ያደርሳታል፤ እዚያ ያሉት ይረከቧታል። የሞተው ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ክንዷ ከተያዘ በኋላ ነው።

ከእኔ በፊት ያለፉትን ሯጮች አይተዋቸዋል፤ ወጣት ወንዶች ስለነበሩ ስፖርት ነው ብለው አልፈዋቸዋል።

«ኢንታላ ኮ፣ ቁሚ! ልጄ፣ ቁሚ!» አለች ትልቋ፤ ድንቹን ከቀሚሷ ላይ አራግፋ መንገዱ መሐል ገባች። የምንነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነበር። የእኔ በዓመታት ውስጥ ከገበያና ከሰላምታ ብዙም አላለፈም፤ ለዚህ ግን ይበቃ ነበር።

«ደኅና ነኝ እናቴ፤ ልለፍ።»

«ያዣት! በዚያ በኩል ያዣት!»

ምራቲቱ ግራ ክንዴን ያዘች፤ ትልቋ ቀኙን። እጆቿ ላይ የነበረው እርጥብ አፈር እጅጌዬ ላይ ታተመ።

«ማንም አልሞተብኝም» አልኩ።

«አዎ፣ አልሞተም» አለች ትልቋ፣ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ። «ማን ሞተ አለ? ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።»

«እውነቴን ነው። ውድድር ላይ ነኝ፤ ጊዜ የለኝም።»

«ምን ትላለች?» አለች ምራቲቱ በእኔ ላይ ተሻግራ።

«ሩጫ ነው ትላለች።»

«ምስኪን! የኔም አክስት የልጇን የሰማች ለት ሰርግ ልሄድ ነው ስትል ነበር።»

ደረቴ ላይ የተሰካውን ቁጥር አሳየኋቸው። ትልቋ አየችው፤ ከንፈሯን መጠጠችና ለምራቷ፣ «ከሆስፒታል ነው የመጣች፤ ወረቀቱን ሰጥተዋታል» አለቻት። ከዚያ በኋላ የምናገረው ሁሉ ማስረጃ ሆነባቸው። በቁጣ ስናገር ሐዘኑ ነው አሉ፤ በእርጋታ ስናገር ደንግጣ ደርቃለች አሉ። እንዲህ ያለ ኮሚቴ አይቼ አላውቅም።

ክንዴን ለማስለቀቅ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስተኛ አልሞከርኩም። ዕድሜዋ ስልሳ ያለፈ ሴት ናት፤ ብወረውራት እወረውራት ነበር። ግን ቁልቁል እየወሰዱኝ የነበረው በውድድሩ መንገድ ላይ፣ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ስለነበረ ለሁለት መቶ ሜትር ይያዙኝ፣ ከመታጠፊያው በኋላ እለያቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ይህን ነው። የሆነው ሌላ ነው። በዘጠነኛው ወይም በዐሥረኛው እርምጃ ላይ፣ ግራ እግሬ መሬት ከመንካቱ በፊት፣ ክብደቴን በትልቋ ሴት ትከሻ ላይ አሳረፍኩት።

ሕመሙ ጠፋ። ከጠርዙ ወዲህ የመጀመሪያው ሕመም የሌለበት እርምጃ ነበር። ሁለተኛውን ደገምኩት። ትከሻዋ ሸክም የለመደ ትከሻ ነው፤ ዝቅ እንኳ አላለም። እናቴ በሞተች ጊዜ ክንዴን የያዙኝ ሰዎች እንደማላለቅስ ሲያዩ ለቀውኝ ነበር። ይህች ሴት ሳላለቅስም አልለቀቀችኝም። ወደ አርባ እርምጃ ያህል ሄድን። አልቆጠርኩትም፤ በዚያ ቀን ያልቆጠርኩት ይህን ብቻ ነው።

ከመታጠፊያው ሞተር ብስክሌት ብቅ አለ። የሚነዳው የመንገዱ ዳኛ፣ በጡረታ የተገለለ የጊንጪ የስፖርት መምህር፣ ቦርጫምና ጨዋ ሰው ነው። ሲያየን ሞተሩን አጠፋ።

«ዶክተር! ምን ሆኑ?»

«ሰዎቹ ተሳስተው ነው መምህር። ሞት የሰማሁ መስሏቸዋል።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። አወቅሁት፤ የራሴ አራት ገጽ ነበር።

«እንግዲህ ደንቡ ጠይቅ ይላል» አለ።

«እንደሚል አውቃለሁ።»

«እርስዎ ነዎት እኮ የጻፉት።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አላደረገውም። «እኔ ከታጠፍኩ በኋላ ያየሁት ሲይዙዎ ብቻ ነው። መያዝ አይከለከልም። አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ ክብደትዎን አሳርፈውባቸዋል? አላሳረፍኩም ካሉ ሞተሬን አስነሥቼ እሄዳለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

መልሱን በእጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ከሃምሳ ሁለት። አራት ኪሎ ሜትር በስልሳ ስምንት ደቂቃ። ይቻላል። አጥንቱ ከያዘ ይቻላል፤ ካልያዘም ራሴ ሮጬ የሰበርኩት ይሆናል። የሚያውቅ ሰው የለም። ትልቋ ሴት እንኳ ብትጠየቅ፣ ሐዘንተኛ መደገፏ የሚነገር ነገር አይመስላትም።

ያን ጊዜ ትዝ ያለችኝ ባለፈው ዓመት የሰረዝኳት ሯጭ ናት። ከጎጆ ከተማ የመጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። በአንድ ጭቃማ ቦይ ላይ ሁለት ገበሬዎች ክንዷን ይዘው ሲያሻግሯት ከማዶ ካለው ጉብታ ላይ ሆኜ አየኋት። ጣቢያው ስትደርስ ደንቡ እንደሚለው ጠየቅኋት። «ያዙኝ እንጂ አላረፍኩባቸውም» አለች። እንዳየኋት ነገርኳትና ቁጥሯን ነቀልኩ። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። «ዶክተር፣ ከዚያ ጉብታ ላይ ሆኖ ክብደት ይታያል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ስለነበር አልመለስኩላትም።

አሁን መልሱን አውቀዋለሁ። አይታይም። ይህ ሰው ከመታጠፊያው ላይ ሆኖ አይቶኝ አላወቀም፤ አጠገቤ ቆሞም ገና አያውቅም። የሚያውቀው የተደገፈው ሰው ብቻ ነው። ያቺ መምህርት ዋሽታኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። እንደማላውቅ ግን ሳውቅ ወስኛለሁ።

የመለስኩትን መልስ በጎነት ብሎ የሚያነብ ሰው ቢኖር እንዳይሳሳት። በጎ ሰው ብሆን ባለፈው ዓመት እሆን ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእነዚያ ኮሚቴዎች የሚለየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ፤ የሆነውን እንደሆነ መናገር። እሱን በአራት ኪሎ ሜትር ለመለወጥ ለአንድ አፍታ አሰብኩ። አፍታዋ አጭር አልነበረችም።

«አሳርፌያለሁ» አልኩ።

«ትንሽ ከሆነኮ...»

«ደንቡ ስለ ትንሽና ብዙ አይናገርም።»

«ዶክተር...»

«መምህር፣ ቁጥሩን ይንቀሉት።»

አራቱን መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። ጣቶቹ ወፍራም ስለሆኑ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ቁጥሩን አጥፎ ኪሱ ሲከተው ትልቋ ሴት ቱግ አለች።

«ወረቀቷን ለምን ትወስዳለህ? በምን ልትቀብረው ነው?»

መምህሩ በአፋን ኦሮሞ፣ ከእኔ በጣም በተሻለ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳት። ሰምታ ስትጨርስ ክንዴን ሳትለቅ ፊቴን አየችው።

«ማንም አልሞተም?»

«ማንም።»

«ባልሽስ?»

«ፈትቼዋለሁ።»

«እናትሽ?»

«ከሞተች ቆየች።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትሮጪው?»

«ስፖርት ነው እማማ፣ ስፖርት» አለ መምህሩ።

«ስፖርት! በዚህ ዕድሜዋ?»

ምራቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ትልቋ አልሳቀችም። «ድንቼን ፀሐይ ላይ በትኜ መጣሁ!» አለች። «ሰው ሳይሞት እንዲህ ያለ ፊት ይዞ በሰው ማሳ ጎን ማለፍ ምን ይሉታል? አስደነገጥሽኝ እኮ! ልቤ እስካሁን ቦታው አልገባም።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ይህን ቃል ከእኔ አፍ የሰማ የለም።

ከዚያም ክንዴን ለቀቁኝ፤ ግራ እግሬም አልቆመም። ውድድሩ ይዞት የነበረው ነገር ሁሉ አብሮ ተለቀቀ። ወደ ጎን ስወድቅ ትልቋ ሴት በልብሴ ሳይሆን በብብቴ ያዘችኝ፤ ልምድ አላት። ቅልጥሜን ገልጣ አየችው፤ እንደ ወጌሻ አልነካችውም። «ፈረሱን አምጪው» አለቻት ምራቷን። መምህሩ ሞተሩ ላይ ልጫንዎ ቢል መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ እምቢ አልኩ። ቀድሞ ለጣቢያው ሊያስታውቅ ሄደ።

ፈረሱን ትልቋ ሴት ራሷ እየሳበች ወረድን። በየደጁ ሰው ይወጣል። ፀጉሬ እንደተበተነ፣ ፊቴ እንደዚያው ነው። «ማን ሞተባት?» ይሏታል። የተሳሳተችውን ለጎረቤት መናገር አልፈለገችም መሰለኝ፣ በመጀመሪያው ደጅ፣ «እግሯ!» አለች። ሰዎቹ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «ዋቃዮ፣ እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ፤ ይቀልዱ አይቀልዱ ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም። በሁለተኛው ደጅ ላርም ሞከርኩ። «ተዪኝ፣ አሳፍረሽኛል አንዴ» አለችኝ ሴትዮዋ ወደ ኋላ ሳትዞር። ከዚያ በኋላ የተሰጠኝን ማጽናኛ ሁሉ አንገቴን ዝቅ እያደረግሁ ተቀበልኩ። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ሕመሙ ከጣት ጫፍ ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍ ወደ መላው እግሬ ሰፋ። ሰዓቴን አላቆምኩትም። ለምን እንዳላቆምኩት ለራሴም ልገልጽ አልችልም፤ እጄ ላይ ስለነበረ አየው ነበር።

የጣቢያው ጠረጴዛ ከታየኝ ጊዜ ጀምሮ የማየውን አላመንኩም። ስንደርስ ዘጠኝ ከአርባ ዘጠኝ ነበር። በጊዜው ደረስኩ፤ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ተርፎኝ። ማኅተም የምትመታዋ ሴት ነገሩን ገና አልሰማችም ነበርና ማኅተሟን ይዛ ብድግ አለች፤ «ጊዜው አላለፈም! ዶክተር፣ ጊዜው አላለፈም!» እያለች አጨበጨበች። ከዚያ ፈረሱን አየች። ከዚያ ቁጥር የሌለበትን ደረቴን አየች። ማኅተሙን ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። የጠረጴዛው ልብስ ላይ ክብ ቀለም ቀረ።

ሴትዮዋ ፈረሷን ከአንድ ግንድ ጋር አሰረችና ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የተደረደረውን ሙዝ አየች።

«ይህ ለማን ነው?»

«ለሯጮች ብቻ ነው እማማ።»

«እኔስ ምን ሳደርግ ዋልኩ?» አለችና ሁለት ሙዝ አነሣች፤ ማንም አልከለከላትም። አንዱን ለፈረሱ ሰጠችው። ከነቅርፊቱ አኘከው። ከዚያ፣ ድንቹ ፀሐይ ላይ ነው ብላ፣ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

የራጅ ፎቶው ስንጥቁ አጥንቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ማቋረጡን አሳየ። አራት ኪሎ ሜትር ይይዝ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን አልጠየቅሁትም፤ ቢመልስልኝም ግምት ነው። ሦስት ወር በክራንች ሄድኩ። ረጅሙ ርቀት እንደተባለው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ አልተካሄደም፤ የጨረሱት ሰዎች ዝርዝርም ዳግም የሚጨመርበት አይደለም።

ውጤቱ ሲለጠፍ በስሜ አንጻር «በሕመም አቋረጠች» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። አዘጋጁ አዝኖልኝ የጻፈው ነው። እንዲታረም በደብዳቤ ጠየቅሁ። ስልክ ደወለ።

«ዶክተር፣ ይሄኛው እኮ ይሻላል፤ የሚያስከብር ነው።»

«አላቋረጥኩም» አልኩት። «ክብደቴን በሌላ ሰው ላይ አሳርፌ ተሰርዣለሁ። እንደዚያ ብለህ ጻፈው።»

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አረመው። አንድ ፊደል ገድፏል፤ እሱን ተውኩለት።